ሰንደቁ የማን ነው? ስለ ኬናን ዘፈኖች ትርጉምና መነሻ

ባለፈው ጥቅምት የሰንደቅ ዓላማ ቀን በትምህርት ቤታችን ሲከበር፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከብሔራዊ መዝሙሩ ቀጥለው አንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን በኅብረት አቀረቡ። ዘፈኑ «ዌቪን ፍላግ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የሚውለበለብ ሰንደቅ» እንደ ማለት ነው። ልጆቹ በደንብ አጥንተውታል። እጃቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዙ አዝማቹን ሲቀባበሉ ወላጆች ሳይቀሩ አብረው አጨበጨቡ። ዝግጅቱ አብቅቶ በመምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ ከመካከላችን አንዱ፣ የታሪክ መምህሩ፣ «ለመሆኑ ይህ የሚውለበለበው ሰንደቅ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ። አንዳንዶቻችን «የዓለም ዋንጫ ዘፈን አይደለም እንዴ?» አልን። ሌላው «የደቡብ አፍሪካ ይመስለኛል» አለ። ጥያቄው ተራ ቢመስልም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀንም፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረንም እሱው ነው።

እርግጥ ነው፣ በአዝማቹ ውስጥ ሰንደቁ ምሳሌ ሆኖ ገባ እንጂ የአገር ስም አልተጠራበትም። አንድ ልጅ አድጎ ጉልበት የሚያገኝበትን ቀን ይናፍቃል፤ ያን ቀን ራሱን ከነፃነት፣ ነፃነትንም ከሚውለበለብ ሰንደቅ ጋር ያመሳስላል። ይሁን እንጂ የዘፈኑ ባለቤት ሶማሊያዊ ነው፤ ግጥሙም መጀመሪያ በወጣበት መልኩ የሚናገረው በድህነትና በውጊያ መካከል ስላደገ ልጅ ነው። ልጁ ማን እንደሆነ ካላወቅን ሰንደቁ የማን እንደሆነ አናውቅም። ስለዚህ ከሰውየው እንጀምር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኬናን አብዲ ዋርሳሜ፣ በመድረክ ስሙ ኬናን፣ በ1978 በመቃዲሾ ተወለደ። 1978 ለእኛ ምን ዓመት እንደሆነ ለመምህር ማስታወስ አያስፈልግም። በ1977 ድንበር ጥሶ ኦጋዴን የገባው የዚያድ ባሬ ጦር ተሸንፎ የወጣው በዚያው በ1978 መጋቢት ወር ነው። ከአንባቢዎቻችን መካከል በካራማራ ዘመድ የቀረበት አይጠፋም። የሶማሊያ ሰንደቅ ዓላማ ደግሞ ከዚህ ታሪክ ጋር የተቆራኘ ነው። በ1954 የተመረጠው ይህ ሰማያዊ ሰንደቅ መሐሉ ላይ አንድ ነጭ ኮከብ አለው፤ የኮከቡ አምስት ጫፎች ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ምድሮች እንዲወክሉ የታሰቡ ናቸው። ሁለቱ በ1960 ተዋሕደው የሶማሊያ ሪፑብሊክ ሆኑ። ሦስተኛው ጅቡቲ ነው። አራተኛው የኬንያ ሰሜን ምሥራቅ፣ አምስተኛው የእኛው ኦጋዴን ነው።

እንግዲህ ልጆቻችን በኢትዮጵያ የሰንደቅ ዓላማ ቀን የዘመሩት ዘፈን በስተጀርባው ምን እንዳለ አስቡት። ይህን የምንለው ልጆቹ አጠፉ ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም ዘፈኑ ለዚያ ለድሮው የግዛት ጥያቄ አንድም ቃል አይሰጥም። ኬናን ነፍስ አውቆ ያየው ሰንደቅ ድል የሚመኝ ሠራዊት የተሸከመውን አይደለም። በጥር 1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ልጁ አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰንደቁ አለ፣ ከሥሩ የሚቆም መንግሥት ግን የለም። «አድጌ ጉልበት ሳገኝ» የሚለው ምኞት ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። የሚጠብቀው ልጁ ብቻ አይደለም፤ አገሪቱም ናት።

ኬናን የተወለደበት ቤት የቃል ቤት ነበር። አያቱ ሐጂ ሞሐመድ ገጣሚ ነበሩ። አክስቱ ሐሊማ ኸሊፍ ዑመር፣ ሕዝቡ «ማጎል» ብሎ የሚያውቃት፣ ከሶማሊያ ታላላቅ ዘፋኞች አንዷ ነበረች፤ የፍቅር ዘፈኖቿም የአገር ዘፈኖቿም ስመ ጥር ናቸው፤ በኦጋዴን ጦርነት ዘመን ድምጿ ከአገራቸው ጎን የተሰለፈ ነበር። የእሷን ወገን ድል በሚያደንቁና በሚያለቅሱ ቤቶች መካከል የእኛ ድንበር ነበረ ማለት ነው። ያ ልጅ ግን ካደገ በኋላ የዘፈነው ስለ ድል አይደለም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የዘፈን ጉዳይ ይህን ያህል ሲለወጥ ማየት ብቻውን የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይወጣዋል።

ስለ ሶማሌ ግጥም ጥቂት ማለት ግድ ይሆናል፤ አለዚያ የራፑን ጠባይ መለየት አይቻልም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1854 ወደ ሐረር ሲያልፍ በሶማሌ ምድር ገጣሚ መብዛቱ አስደንቆት ጽፏል። ቋንቋው በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በ1972 ነው፤ ከዚያ በፊት ግጥም የሚኖረው በሰው ራስ ውስጥ፣ በቃል በሚይዙት ዘንድ ነበር። «ገበይ» የሚባለው ትልቁ የግጥም ዓይነት ሕጉ ጥብቅ ነው። የእኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኝ መጨረሻ ሲሆን፣ የሶማሌው ግን በቃል መነሻ ነው፤ ገጣሚው አንድ ድምፅ ይመርጥና በግጥሙ ስንኞች ሁሉ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ቃል ያስገባል፤ ግጥሙ መቶ ስንኝ ቢሆን እንኳ ድምፁ አይለወጥም። የእኛ ባለቅኔ ሰምና ወርቅ ሲያዋሕድ የሚያየውን መከራ ያህል ይህም የራሱ መከራ አለው። ከሕጉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመን ግን የገጣሚው ሥፍራ ነው። የሶማሌ ገጣሚ ለብቻው ተቀምጦ የሚያንጎራጉር አይደለም፤ ባለጋራውን በስም ጠርቶ ይናገራል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ጎሣ ከጎሣ ያጣላል ወይም ያስታርቃል። ገጣሚው ሀድራዊ ከ1973 እስከ 1978 መታሰሩ፣ መንግሥት ግጥምን እንደ ተራ ጨዋታ እንዳላየው ያሳያል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ከዚህ ተነሥተው የኬናን ራፕ የገበይ ልጅ ነው ይላሉ። እኛ በዚህ በሙሉ አንስማማም። ራፕ ለኬናን የመጣለት ከኒው ዮርክ ነው። አባቱ ቀደም ብለው ወደዚያ ሄደው በታክሲ ነጂነት ሲሠሩ ለቤተሰቡ ገንዘብ፣ ለልጃቸው ደግሞ የራፕ ሸክላ ይልኩ ነበር። ልጁ እንግሊዝኛ ሳይችል ድምፁን ብቻ እየተከተለ በቃሉ ያጠናው ነበር። የግጥሞቹ ቤት አመታት የአሜሪካ ራፕ እንጂ የገበይ አይደለም። ከአያቱ የወረሰው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ፊት ለፊት የመናገር ሥልጣን ነው። ይህም በይበልጥ የሚታየው በ2005 በወጣው «ዘ ደስቲ ፉት ፊሎሶፈር» በተባለው አልበሙ ውስጥ ባለው «ሶባሕ» በተሰኘ ዘፈን ነው። «ሶባሕ» በሶማልኛ «ውጣ» ማለት ነው። የሚናገረው ለጦር አበጋዞች ነው፤ ሕዝቡን አስጨንቀውታልና ወደ አደባባይ ውጡ፣ መልስ ስጡ ይላቸዋል። በአማርኛ ብንፈልግለት የሚቀርበው የአዝማሪ ወረፋ ሳይሆን፣ ዳኛ ፊት የቆመ ከሳሽ ንግግር ነው። በእኛ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ የበለጠው ይህ ነው፤ ዓለም ያወቀው ግን ሌላውን ነው።

የአልበሙ ስም ራሱ ትርጓሜ ይፈልጋል። «አቧራ የለበሰ እግር ያለው ፈላስፋ» ማለት ነው። ኬናን እንዳብራራው፣ ይህ ፈላስፋ መጽሐፍ ሳያገላብጥ፣ አገር ሳይዞር፣ በድህነት ውስጥ በክብር እየኖረ ስለ ዓለም የሚያስብ ሰው ነው። በመቃዲሾ የተገደለ አንድ የልጅነት ጓደኛውን እያሰበ ያወጣው ስም ነው። ባዶ እግሩን የሚሄድን ሰው ፎቶግራፍ አንሺ ሲያየው ርዳታ ጠባቂ ያደርገዋል፤ ኬናን ሲያየው ፈላስፋ ያደርገዋል። አልበሙ በ2006 የካናዳን የጁኖ ሽልማት በራፕ ዘርፍ አግኝቷል።

በዚሁ አልበም ውስጥ «ዋትስ ሃርድኮር» የሚል አለ። የአሜሪካ ራፐኞች ስለ ሠፈራቸው ክፋት፣ ስለ መሣሪያቸው፣ ስለ ጀግንነታቸው ይፎክራሉ። ኬናን የመቃዲሾን መንገድ አንድ በአንድ ከገለጸ በኋላ፣ ከዚህ ጋር ሲተያይ የእናንተ ክፋት ምኑ ነው ብሎ ይጠይቃቸዋል። በእኛ አገር ፉከራን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሳይገድል የፎከረ ያፍራል፤ ፉከራ ምስክር ያሻዋል። ኬናን ምስክሩን ይዞ ገብቶ ሌሎቹን አሳፈራቸው። ግን ደግሞ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ፤ እሱም በራሱ መንገድ መፎከሩ ነው። «የእኔ መከራ ካንተ ይበልጣል» ማለት ፉከራ ነው። ይህን ጉድለት በኋለኞቹ ሥራዎቹ ራሱ የተገነዘበው ይመስለናል፤ በ2009 አልበሙ ውስጥ «ፒፕል ላይክ ሚ» በሚለው ዘፈን መከራውን ከማንም ጋር አያወዳድርም። እናቱ ልጆቿን ይዛ ስትወጣ ሁሉንም መውሰድ ስላልቻለች ስለቀረ ያክስት ልጅ በዝግታ ይናገራል። እዚያ ውስጥ ጀግና የለም፤ መትረፍ ራሱ እንደ ዕዳ ተቆጥሯል።

ስለ ልጅነቱ የተናገራቸውን ሁለት ነገሮች ለመምህር ስንል እንጥቀስ። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ከመሬት ያወጣውን ነገር ምንነቱን ሳያውቅ ወረወረው፤ የእጅ ቦምብ ኖሮ የትምህርት ቤቱን ከፊል አፈረሰው። ሰው ግን አልሞተም። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ታጣቂዎች አሯሯጧቸውና ሦስት ጓደኞቹ ተገደሉ፤ እሱ አመለጠ። እናቱ ለወራት ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ከተመላለሱ በኋላ ኤምባሲው ሊዘጋ በተቃረበበት ሰዓት ቪዛ አግኝተው በ1991 በመጨረሻው የመንገደኞች አውሮፕላን ወጡ። መጀመሪያ ኒው ዮርክ፣ ኋላም የቶሮንቶ ከተማ ሬክስዴል የሚባለው የሶማሌዎች ሠፈር ገቡ። «ፋጢማ» የሚለው የ2009 ዘፈን በዚያ በመቃዲሾ የልጅነት ሠፈር ይወዳት ስለነበረችና ስለተገደለች ልጅ ነው። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ «ዌቪን ፍላግ» እንመለስ። ዘፈኑ «ትሩባዱር» በተባለው አልበም በየካቲት 2009 ወጣ። ወሩን ልብ በሉ፤ በታኅሣሥ 2006 ሶማሊያ የገባው የኢትዮጵያ ጦር መቃዲሾን ለቅቆ የወጣው በጥር 2009 ነበር። ግጥሙ የኢትዮጵያን ስም አያነሣም፤ የሚያነሣው በሌሎች ጦርነት ተሰልፎ በመጨረሻ ስለሚታለል ሰው፣ ስለሚሰጥ ተስፋና ስለሚቀር ድህነት ነው። ይህ ለሶማሊያ ብቻ የተጻፈ አይመስልም፤ እኛም ብንሰማው የምናውቀው ነገር አለበት።

ከዚያ ኮካ ኮላ ኩባንያ መጣ። ለ2010 የደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫ ማስታወቂያው ይህን ዘፈን መረጠ። የእግር ኳሱ ማኅበር የራሱ ዘፈን ሻኪራ የዘፈነችው ነበር፤ የኬናን የኩባንያው ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ያምታታል። ለማስታወቂያው ሲባል አዲስ ቅጂ ተሠራ። አዝማቹ እንዳለ ቀረ፤ ስለ ውጊያና ስለ ድህነት የሚናገሩት አንጓዎች ግን ወጥተው በሜዳ፣ በሻምፒዮናና በደስታ አንጓዎች ተተኩ። በየአገሩ ዘፋኞች እየታከሉበት በብዙ ቋንቋ ተዘፈነ፤ ልጆቻችን ያጠኑትም ይህንኑ ነው።

ያለ አንጓዎቹ አዝማቹ ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ቅጂ «አድጌ» የሚለው ልጅ ላያድግ የሚችል ልጅ ነው፤ ስለዚህ ምኞቱ ያስጨንቃል። በሁለተኛው ቅጂ ልጁ ማደጉ አይቀርም፤ ስለዚህ ምኞቱ ያስጨፍራል። ቃሉ አንድ፣ ዜማው አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። ስለ ዐውድ ለተማሪ ማስረዳት ለሚቸግረው የቋንቋ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

ደስታው ሐሰት ነው አንልም። በዚያው ዓመት ጥር ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትጠፋ የካናዳ ወጣት ዘፋኞች ይህንኑ ዘፈን ለርዳታ ማሰባሰቢያ ዘፍነውታል፤ አዝማቹ ለዚያም በቅቷል። ጥሩ አዝማች እንደ ጥሩ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፤ በየቤቱ ይገባል። ቅሬታችን በየቤቱ መግባቱ ላይ አይደለም፤ ከየት እንደመጣ እንዳይናገር መደረጉ ላይ ነው። በተለይ በዚያ ዓመት። በሰኔ 2010 ልጆች በዓለም ዙሪያ በሶማሊያዊ ድምፅ ሲጨፍሩ፣ በሶማሊያ ውስጥ ታጣቂዎች በሚገዟቸው ሠፈሮች ጨዋታውን በቴሌቪዥን ማየት ተከልክሎ ነበር። ሐምሌ 11 ቀን ደግሞ ስፔንና ኔዘርላንድስ ለፍጻሜ ሲጫወቱ በካምፓላ ጨዋታውን በሚከታተሉ ሰዎች መካከል ቦምብ ፈነዳ፤ ከሰባ በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሁለቱ ቦታዎች አንዱ የራግቢ ሜዳ ሲሆን ሌላው «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» የሚባል የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበር። አልሸባብ ዩጋንዳ ሶማሊያ ጦር በመላኳ ያደረግሁት ነው አለ። ከዘፈኑ የወጣው ጦርነት በዋንጫው የመጨረሻ ቀን በራሱ እግር መጣ። ማስታወቂያ ሠሪው ያንን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ገጣሚው ግን በ2009 ነግሮናል።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ሆኗል፤ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ በጥቂቱ እናንሣው። አሜሪካዊው ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚያን ማርሊ በ2010 «ዲስታንት ሬላቲቭስ»፣ ማለትም «የሩቅ ዘመዳሞች» የሚል አልበም አወጡ። የመክፈቻው ዘፈን የተመሠረተው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ኬናንም በዚሁ አልበም በሁለት ዘፈኖች ገብቷል፤ አንደኛው ርስ በርስ ስለሚዋጉ ጎሣዎች ነው። የመቃዲሾ ልጅ ድምፅና የሙላቱ ዜማ በአንድ ሸክላ ላይ ሲገናኙ ያገናኟቸው ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች መሆናቸው ትንሽ ያሳፍራል። እዚሁ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን እኛው ብናገናኛቸው ምን ነበረ?

ገጣሚው ራሱ ስለ ሁኔታው ምን አለ? በ2012 ሦስተኛው አልበሙ ከወጣ በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ረዘም ያለ ጽሑፍ አወጣ። ማንም አላስገደደኝም ይላል፤ የሸክላ ኩባንያው ሰዎች ያደረጉት አድማጮቼ እነማን እንደሆኑ መንገር ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ስለ ሶማሊያ የማያውቁ የአሜሪካ ልጃገረዶች ናቸው አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ መቀሱን የያዝሁት እኔው ራሴ ነኝ ይላል። በአዲሶቹ ዘፈኖች ፋጢማ ሜሪ ሆነች፣ መሐመድም አዳም ሆነ። ከሶማሌ ተረት አንዱን ጠቅሶ ራሱን ከቀበሮ ጋር ያነጻጽራል፤ ቀበሮዋ ያማረ አካሄድ ነበራት፤ አንድ ነቢይ ሲያልፍ አይታ የሱን አካሄድ ልትለምድ ሞከረች፤ ያንንም አላገኘች፣ የራሷንም ረሳች።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲያነብ «ከበላ በኋላ ነው የተጸጸተው» ሊል ይችላል። እኛ ግን ኑዛዜው ከሦስተኛው አልበም ዘፈኖች አብዛኞቹን እንደሚበልጥ ይሰማናል። የስም ለውጥ ቀላል ነገር መስሎ ይታያል፤ ማንኛዋም ልጅ ሜሪ ልትባል ትችላለችና። ነገር ግን ፋጢማ የሞተች ልጅ ናት። የሞተን ሰው ስም ለሻጭ ብሎ መለወጥ ምን እንደሆነ በለቅሶ ስም እየጠራ የሚያለቅስ ሕዝብ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ኬናን ወደ ድሮው ጉዳዩ ተመልሷል፤ በ2024 የግራሚ ተቋም ለማኅበራዊ ለውጥ በሚሰጠው ልዩ ሽልማት የተሸለመው ዘፈኑ «ሬፊውጂ»፣ ስደተኛ፣ የሚል ነው። ስለ ዘፈኑ መነሻ ለልጆች የተዘጋጀ «ዌን አይ ጌት ኦልደር» የሚል ባለ ሥዕል መጽሐፍም በ2012 አሳትሟል፤ ለቤተ መጻሕፍታችን ቢገኝ እንወዳለን።

ከላይ የተጻፈውን ከተነጋገርን በኋላ፣ የእንግሊዝኛው፣ የአማርኛውና የታሪኩ መምህራን ተስማምተን ሁለቱን የ«ዌቪን ፍላግ» ቅጂዎች ለእነዚያው ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች በአንድ ክፍለ ጊዜ አሰማናቸው። መጀመሪያ የዋንጫውን፤ ዘፈኑት፣ ጠረጴዛ ደበደቡ። ቀጥሎ የ2009ኙን። አዝማቹ ሲደርስ አንዳንዶቹ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አነሡ፤ ከዚያ መልሰው አወረዱት። አንዱ ልጅ «የትኛው ነው ትክክለኛው?» አለን። ሁለቱም የኬናን ናቸው ብለን መለስን፤ በመልሳችን ግን አልረካም፣ እኛም አልረካንም።

ሰዓቱ ሳያልቅ «ሶባሕ»ን ከፈትንላቸው። የሶማልኛው አዝማች ሲመጣ መምህራኑ ትርጉሙን ከወረቀት ልናነብ ስንዘጋጅ፣ እስከዚያ ቀን በክፍል ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ ከጅግጅጋ የመጣች ተማሪ ከኋላ ተነሣች። «‹ውጣ› ማለት ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ሕፃናት አልጋ ሥር ሲደበቁ እናቴም እንደዚሁ ነው የምትለው» አለችና ተቀመጠች።